ያላጨበጨቡት እጆች

ከጅማ ከተማ በቴሌቪዥን የታየ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን የምለው በትሕትና ነው። ዝናዬ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ይሰማ ነበር፤ ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ልልቀቅልህ የሚለኝ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ቤቱ ባዶ ይቀር ነበር፤ ሦስት ልጃገረዶች በእኔ ምክንያት ለመመንኮስ አስበዋል ይባላል፣ ያውም አንዷ ሙስሊም ነበረች።

እውነቱ ይውጣ ከተባለ ግን በቴሌቪዥን የታየው ግራ ጆሮዬ ነው። እሱም ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ብቻ፣ ከአንድ የኳስ በረኛ ትከሻ ኋላ። እናቴ ሳትቀር "ይሄ የማን ጆሮ ነው?" ብላ ጠይቃለች።

ጆሮዬን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን የተደወለልኝ ስልክ ነው። ከሄርማታ የደወለው የድሮ ጎረቤቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ "ጋሽ ነዚፍ ወደ አኼራ ሄደ" አለኝ። እኔ ስልኩን ባነሳሁበት ሰዓት አፈር ለብሶ ነበር። የሙስሊሞቹ ቀብር ሰው አይጠብቅም። ጎረቤቴ በሉ እንግዲህ ብሎ ሲዘጋው እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ በዚያው በታወቀው ጆሮዬ ላይ።

ነዚፍ ልብስ ሰፊ ነበር። ሄርማታ ገበያ አጠገብ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ነበረችው። ቁመቱ ከመኪናዋ ብዙም አይበልጥም፤ ድምፁ ግን በረንዳው ላይ ቢያስነጥስ ደዶ ያሉ በሬዎች ቀና ይሉ ነበር። ሲሰፋ አምስት ስድስት ስፒል በከንፈሩ ይዞ ነው፤ ስፒሎቹን ሳያወጣ ያወራል፣ ይሳሳቃል፣ ይዘፍናል። ሕዝቡ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ስፒል ሆዱ ውስጥ አለ ብሎ ያምን ነበር፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሆዱ የሚጮኸው በዚያ ነው ይባል ነበር። "አንቱ" ሲሉት ይቆጣል። "አንቱ ካላችሁኝ አርጅቷል ይባልና ጨርቅ የሚሰጠኝ አጣለሁ" ይላል። ስለዚህ ታላቄ ሆኖ ሳለ አንተ እያልኩት ኖርኩ።

በዚያ ድምፁ የተነሳ ማይክሮፎን የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ ካለ ነዚፍ እጅ ነው የሚገኘው። ለሠርግ እሱ፣ ለእድር ስብሰባ እሱ፣ የጠፋ ልጅ ለማስነገር እሱ። ከሁሉም በላይ ግን እሁድ ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ የሚደረገውን የቀበሌዎች የጥያቄና መልስ ውድድር የሚመራው እሱ ነበር። ማይክሮፎኑን ሁለት ጊዜ እፍ ይልበታል፤ በመሐረቡ ይጠርገዋል፤ ቀኝ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ከሩቅ የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል ትንሽ ያዳምጣል፤ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

አንድ ጉድለት ነበረበት። የተጨነቀ ሰው ማየት አይችልም። ተወዳዳሪው መልሱ ጠፍቶት ሲያልበው እሱም አብሮ ያልበዋል። "ዓባይ ከየት ይነሳል? ማሎ፣ እባክህ ጣና ብለህ እንዳትቸኩል፣ ተረጋግተህ አስብበት" ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከገጠር የመጣ ተወዳዳሪ ሲሆን ጥያቄውን በአማርኛ ያነብና በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ ኦሮምኛው ውስጥ መልሱ አለ። ሰውየው ያንንም ስቶ የማይሆን ነገር ከመለሰ ነዚፍ ለአዳራሹ ዞሮ "መልሱ ልክ ነው፣ ጥያቄው ነው የተሳሳተው" ይልና ግማሽ ነጥብ ይሰጠዋል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ሽልማቱ ሳሙና ወይም አንድ ኪሎ ስኳር ነበር፤ ስኳር በዚያን ጊዜ እንደ ወርቅ ነው፤ ለግማሽ ነጥብ ሰው ከሊሙ በእግሩ ይመጣ ነበር።

ሳቁ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገይ ነበር። ይህን ዛሬ ላይ ሆኜ ነው የማስተውለው። በዚያ ዘመን መሳሳት ሁለት ዓይነት ነበር፤ የሚያስቅና የማያስቅ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰው መጀመሪያ ወደ ፊተኛው ረድፍ ያያል። ፊተኛው ረድፍ ላይ ጓድ ምትኩ ይቀመጣል።

ጓድ ምትኩ የከተማው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ኃላፊ ነበር። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ጫማው ጭቃ አይነካውም፣ ጅማ ክረምት ላይ ይህ እንዴት እንደሚቻል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነገር ሲያሳስበው መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ሲጠርግ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው አይኖርም።

አንድ ቀን አራታችንን ቢሮው አስጠራን። ታጁን፣ የከተማውን ቡድን በረኛ፤ ፋንታዬን፣ የኪነት ቡድኑን ዘፋኝ፤ አባ ቢያን፣ ከደዶ የመጡ ኮከብ የቡና ገበሬ፤ እኔን ደግሞ የኪነቱን ሰካራም። መድረክ ላይ ሰካራም ሆኜ እጫወት ነበር፤ ቀን ቀን የቡና መጋዘን ጸሐፊ ነኝ። ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው የታዋቂ ሰዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ሊቀርጹ ነው፣ ለአብዮቱ በዓል ሰሞን ይተላለፋል፣ ተወዳዳሪዎቹ እናንተ ናችሁ፣ መሪው ጓድ ነዚፍ ነው አለን። እኔ በዚያች ቅጽበት አንገቴ በሁለት ጣት ረዘመ።

ከዚያ ልምምድ ሆነ። ጓድ ምትኩ አገባባችንን፣ አቀማመጣችንን፣ አሳሳቃችንን ሳይቀር አለማመደን። መጀመሪያ መፈክር፤ መጨረሻ መፈክር፤ ሁለቱም ጊዜ ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ። ነዚፍ በየመሐሉ ቀኝ እጁን ሲያነሳ ጓድ ምትኩ ሳይናገር ግራውን በጣቱ ነካ ያደርግለታል። አባ ቢያ በልምምዱ ሁሉ ዝም ብለው ነበር። አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ከደዶ ገበያ ጨው ሊገዛ እንደወጣ ታፍሶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ሜዳ ከተላከ ቆይቷል። ደብዳቤም አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም። ስሙን ማንም ፊታቸው አያነሳም፤ እሳቸውም አያነሱም።

የቀረጻው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ መስኮት ላይ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር። ስድስት መቶ ሰው ነው የሚይዘው፤ እኔ ስድስት ሺህ ነበርን ብል የሚከራከረኝ የለም። የቴሌቪዥን ሰዎቹ መብራት ሲበራ የሰው ሁሉ ፊት የተላጠ ድንች መሰለ። ስሕተቱም እዚያው ጀመረ። ፋንታዬ ካሜራውን "ጓድ ካሜራ" ብላ እጅ ነሳችው። ታጁ በዓለም ላይ ስንት አህጉር አለ ሲባል ከተቀያሪዎቹ ጋር ነው ወይስ ያለ ተቀያሪ ብሎ ጠየቀ። እኔ ስሜን ስጠየቅ ሰካራሙን የምጫወትበትን ስም ተናገርኩ፤ የራሴን ሦስት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት። ካሜራ የያዘው ቀጭን ልጅ እየሳቀ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓድ ምትኩም ፈገግ አለ፤ እሱ ፈገግ ሲል እኛ በሙሉ ነፃነት ሳቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም ማለት እችላለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ለአባ ቢያ ደረሰ። ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ የበቀለው የት ነው? ነዚፍ እንደልማዱ አላስቻለውም፤ "ሩቅ አይሂዱ አባ ቢያ፣ እግርዎን ይመልከቱ" አላቸው። አባ ቢያ እግራቸውን አዩ። "ጓሮዬ" አሉ። ሙሉ ነጥብ። አዳራሹ አበደ።

ሽልማቱ ሬዲዮ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ማንጠልጠያ። እንደ ልምምዱ ቢሆን ነዚፍ ሬዲዮውን ያስረክባል፣ አባ ቢያ ይቀበላሉ፣ ነዚፍ ግራ እጁን ያነሳል፣ መፈክር ይሰማል፣ አለቀ። ነገር ግን በእኛ አገር ስጦታ ዝም ተብሎ አይወሰድም። ተቀባዩ ሁለት መዳፉን ከፍቶ ይቆማል፤ ሰጪው ይመርቃል፤ የተሰበሰበው አሚን ይላል፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው። በልምምዱ ጊዜ ይህ ያልታየው ሬዲዮው ገና ስላልደረሰ በባዶ ካርቶን እንለማመድ ስለነበር ነው። በባዶ ካርቶን ማን ይመርቃል?

አባ ቢያ መዳፋቸውን ከፍተው ቆሙ።

ነዚፍ ሬዲዮውን አስጠጋላቸው። አልነኩትም። መብራቱ ፊታቸው ላይ ነው፣ ካሜራው ይዞራል፣ እሳቸው መዳፋቸውን እንደከፈቱ ይጠብቃሉ። ነዚፍ በግራ እጁ ማይክሮፎን፣ በቀኝ እጁ ሬዲዮ ይዟል፤ ወደ ጓድ ምትኩ አየ፣ ወደ ሽማግሌው መዳፍ አየ። ከዚያ ሬዲዮውን መሬት አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ሲረዝም፣ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ የሚያውቀው ድምፅ ሆነ።

"ረቢ በረካ ያድርግልዎ" አለ።

"አሚን" አለ አዳራሹ። ማንም አላሰበበትም። ጉልበት ሲመታ እግር እንደሚነሳ ነው።

"ዝናቡን በወቅቱ ያዝንብልዎ።"

"አሚን።"

"ቡናዎን ከበሽታ ይጠብቅልዎ።"

"አሚን።"

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አላቆመም። የሽማግሌውን ፊት እያየ፣ ድምፁን ይበልጥ አለስልሶ፣ ማይክሮፎኑ አፉ ላይ እንዳለ፣ "ወደ ሰሜን የሄዱትን ልጆቻችንን በሰላም ይመልስልን" አለ።

ያኛው አሚን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲነቃነቅ ሰምቻለሁ፤ ይህ ማጋነን አይደለም። በር ላይ የቆሙት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሳይቀሩ ጠመንጃቸውን በብብታቸው ይዘው መዳፋቸውን ከፍተው ነበር። ክርስቲያኑም ብሏል፣ ሙስሊሙም ብሏል፣ ፋንታዬ ብላለች፣ ታጁ ብሏል፣ እኔም ብያለሁ።

ቀጥሎ የሆነው ዝምታ ነው። ስድስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የተናገረውን ሰማ። መዳፎቹ እንደተከፈቱ በአየር ላይ ቀሩ፤ ምን እንደሚደረግባቸው የሚያውቅ ጠፋ። ጓድ ምትኩ ብቻ ሁለቱም እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ። ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀና መጥረግ ጀመረ። አባ ቢያ ጎንበስ ብለው ሬዲዮውን ከመሬት አነሱና እቅፍ አድርገው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ነዚፍ ግራ እጁን አነሳ፣ መፈክሩን አሰማ፤ አዳራሹም ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ጩኸት ተቀበለው። እንደ ካሳ የተከፈለ ጩኸት ነበር።

ሰው ከወጣ በኋላ ጓድ ምትኩ ካሜራ የያዘውን ልጅ ያቺ መጨረሻ አካባቢ ያለችው ትቆረጥ እንደሁ ሲጠይቀው አጠገባቸው ወንበር እያነሳሁ ነበር። ልጁ ሽቦ እየጠቀለለ እኛ እናነሳለን እንጂ አንቆርጥም፣ የሚቆርጡት አዲስ አበባ ያሉት ናቸው አለው። በማግስቱ ቴፑ በአውሮፕላን ሄደ። ጓድ ምትኩም እንደኛው እንቅልፍ እንዳጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ይህ ያጽናናኛል ብዬ ነበር። እሱ ከፈራ ከእሱ በላይ ምን አለ ብዬ ሳስብ ግን ባሰብኝ።

የሚተላለፍበት ቀን እስኪደርስ ያለው ጊዜ ክፉ ነበር። መጀመሪያ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ማለቴ በሰው አፍ። ያን ዕለት እዚያ ነበርኩ የሚል ጠፋ። አንዱ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ሰርቦ ሄዶ ነበር፤ አንዱ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር፤ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ በዓይኔ ያየሁት ሰውዬ ሱሪው መስኮቱ ላይ ተቀድዶ ለነዚፍ ሊያሰፋ አምጥቶት ሳለ እንኳ እዚያ አልነበርኩም አለ። በሰው ምስክርነት ከሄድን ያን ቀን ነዚፍ ለስድስት መቶ ባዶ ወንበር ነው የመረቀው።

ቀጥሎ ደግሞ ከሁሉ የከፋው መጣ። ነዚፍ ልብስ በቀጠሮው ቀን ማድረስ ጀመረ። ልብስ ሰፊ በቀጠሮው አድርሶ ያውቃል? ለዒድ የሰጠኸውን ለአረፋ የሚሰጥህ ሰው ነበር። አሁን ግን በየቤቱ እየሄደ፣ ገና ቀኑ ያልደረሰውን ሳይቀር፣ ተኩሶ አጣጥፎ ያስረክባል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ተቀብለው በር ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። ምን እያደረገ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል፤ ሱቁ ሲታሸግ የሰው ጨርቅ አብሮ እንዳይታሸግ ነው። አንዳንዱ ጨርቁን ተቀብሎ ቶሎ በሩን ይዘጋል። ሰላምታ ከመንገዱ ማዶ ወደዚህ መሻገር አቆመ።

የእኔን ጃኬት ያኔ እስከምኖርበት ሰፈር፣ በቾ ቦሬ ድረስ ይዞልኝ ሲመጣ አላስቻለኝም። ሊሙ ዘመድ አለህ፣ ቡናው ውስጥ ገብተህ ጥፋ፣ በጋው እስኪያልፍ ማንም አያገኝህም አልኩት። ስፒል አፉ ውስጥ አልነበረም፤ ያለ ስፒል ሲያወራ ሌላ ሰው ይመስላል።

"ከጠፋሁ ዱዓው ወንጀል ነበር ማለት ነው" አለኝ። "ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። እጁን የዘረጋ ሰው ፊት መፈክር ይጮሃል እንዴ፣ አንተ ቀላጅ?"

ከዚያ ጃኬቱን አለበሰኝና ትከሻውን አስተካክሎ፣ ዞር በል፣ ዞር በል እያለ አየው። አንዱ ቁልፍ የላላ መስሎት ኪሱ ውስጥ መርፌና ክር ፈልጎ እዚያው ቆሞ አጠበቀው። እጁ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጠው ጃኬቱ ነው፣ እኔ ውስጡ ስለነበርኩ።

የሚተላለፍበት ምሽት ደረሰ። የአዳራሹ ቴሌቪዥን በእንጨት ሳጥን ውስጥ ሆኖ በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉ ጓድ ምትኩ ጋ ነው። ሰው አይመጣም ብዬ ነበር፤ ሁሉም መጣ። አለመምጣትም ምክንያት ይጠየቅበታል። ነዚፍ ከሚስቱ ከአዴ ሐሊማ ጋር ገብቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ ፌስታል አለ፤ ውስጡ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ የታጠፈ ጋቢ። ማንም ምንድነው ብሎ አልጠየቀውም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፌስታል ይታወቃል።

ፕሮግራሙ ጀመረ። ፋንታዬ ጓድ ካሜራን እጅ ስትነሳ ተቆርጧል። የታጁ ተቀያሪዎች የሉም። የእኔ ስም ፍለጋ የለም፤ ጆሮዬ ግን አለፈ። የሚያስቀው ሁሉ በመቀስ ተለቅሞ ወጥቷል። እንግዲያውስ ያኛውም ወጥቷል ብሎ ሰው መተንፈስ ጀመረ። አባ ቢያ "ጓሮዬ" አሉ። ቀጥሎ መዳፋቸውን ከፍተው ቆሙ።

አልተቆረጠም። ነዚፍ ሬዲዮውን ሲያስቀምጥ ታየ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ። ድምፁ ግን የለም። በእሱ ምትክ ጭብጨባ አስገብተውበታል። የሌላ አዳራሽ፣ የሌላ ቀን፣ የማናውቃቸው ሰዎች ጭብጨባ። ካሜራው ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ስድስት መቶ ሰው ሁለት መዳፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል፣ ጭብጨባው ይወርዳል። አንድም የሚያጨበጭብ እጅ የለም። የእያንዳንዱ ፊት ይታያል፤ ሰርቦ ሄዶ የነበረው፣ ወባ የያዘው፣ መስኮት ላይ የነበረው። ከዚያ በኋላ ብዙ አስፈሪ ፊልም አይቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ያስፈራኝ የለም። የቆረጠው ሰው እዚያ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሊያድነን ፈልጎ ይሁን ሊያሳየን ፈልጎ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጓድ ምትኩ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ሳጥኑን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ጓድ ነዚፍ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ብቅ በል" አለ።

"ኢንሻ አላህ" አለ ነዚፍ።

ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ ስሕተት ነበር፤ ጓድ ምትኩ ግን ያን ጊዜ አላረመውም።

ጠዋት ሲሄድ ሄርማታ መንገዱ ዳርና ዳር በሩን ገርበብ አድርጎ ያየው ነበር። እሱ ፌስታሉን ይዞ፣ እንደወትሮው በሁለቱም ወገን ሰላም እያለ ሄደ፤ በሮቹ ውስጥ ሆነው አንዳንዶቹ መለሱለት። ሳይመለስ ሁለት የቡና ለቀማ አለፈ።

በዚያ ጊዜ ውስጥ የአዳራሹ ሰው በየተራ ተጠራ። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ አሚን ብለሃል ወይስ አላልክም? አዎ ካልክ ነዚፍ ሕዝብ አነሳስቷል ማለት ነው፤ የለም ካልክ ፊትህ ቴሌቪዥን ላይ አለ። ታጁ መዳፌን የከፈትኩት ኳስ የመጣ መስሎኝ ነው አለ፣ በረኛ ነኝና ልማድ ነው ብሎ። ፋንታዬ ጥፍሬን እያየሁ ነበር አለች። የአባ ቢያ ግን ለብቻው ነው። በገበያ ቀን ከደዶ በእግራቸው መጥተው፣ ሬዲዮውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጓድ ምትኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ የቢሮው ተላላኪ ነው ለከተማው ያወራው። "ሬዲዮህን ውሰድ፣ ሰውዬአችንን መልስ" አሉት። ጓድ ምትኩ አልወሰደም፤ እሳቸውም ይዘውት አልተመለሱም። ሬዲዮው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተጠቅልሎ ሰነበተ ይባላል፤ አንድ ጊዜም አልተከፈተም።

ነዚፍ የተፈታ ዕለት ልንጠይቀው ስንገባ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቶ ከስቶ ካኒቴራው የሰው ይመስላል። ያ ድምፅ የለም። ምን እንዳደረጉበት አልነገረንም፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ከሹክሹክታ ትንሽ የሚሻል ነገር ነበር፤ ለመስማት ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

"የአባ ቢያ ልጅ መጣ?"

አዴ ሐሊማ ቡና ልታፈላ ተነሳች። እሱም ደግሞ አልጠየቀም። ልጁ በኋላም አልመጣም።

ወደ በረንዳው ተመለሰ፤ መኪናዋን ረገጠ፤ ስፒሎቹ ወደ ከንፈሩ ተመለሱ፤ ልብስ እንደገና ማዘግየት ጀመረና ከተማው ሁሉ ደስ አለው። ማይክሮፎን ግን አልያዘም። ዘመኑ ከተለወጠ በኋላ ሠርግ ላይ ሽማግሌዎች ለምነው ያስመርቁት ነበር። ድምፁ ከመጀመሪያው ረድፍ አያልፍም፤ ኋላ ያለው ሰው ምን እንደተባለ ሳይሰማ አሚን ይላል። አሚን ከማለቱ በፊት ግን አንዳንዱ ፊተኛውን ረድፍ ዞር ብሎ ያያል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ሳለ፣ ከመሬት ተንበርክኮ በስፒል እየያዘልኝ፣ ወደ ላይ ሳያይ "አንተን ደግሞ ምን ብለው ጠየቁህ? ምን አልክ?" አለኝ በዚያ በቀረችው ድምፁ። አሚን ብያለሁ፣ ነገም እላለሁ፣ ከፈለጋችሁ እሰሩኝ ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፣ ቀለሙ ካኪው ላይ ፈሰሰ አልኩት። ነዚፍ ስፒሎቹን በከንፈሩ እንደያዘ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ጥሩ አድርገሃል አለና የሱሪውን እግር አስተካከለ።

ይህን ታሪክ ለእሱ ብቻ አይደለም የነገርኩት፤ በሠርግም በልቅሶም ስነግረው ኖሬአለሁ፤ በየዓመቱ ካኪው ላይ የሚፈሰው ቀለም ይጨምር ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ጓድ ምትኩ ጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አሚን ብለሃል ወይስ አላልክም አለኝ። "ይቅርታ ጓድ፣ ቃሉን ሰምቼው አላውቅም፤ ምን ማለት ነው?" አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ፣ ትርጉሙን አስረዳኝ። እኔም ስላስተማረኝ አመስግኜው ወጣሁ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እኔ ራሴም ድምፄ እስኪጎረንን ድረስ በዲቁና አገልግያለሁ።